«ወንድሜን የጣለው ጂን ነው ወይስ ክኒኑ?»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤዬ ከረዘመ አፉ በሉኝ።

ሪያድ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቼ ከተመለስኩ አራት ወሬ ነው። ቤታችን ደሴ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ያለነው እናቴ፣ እኔና አንድ ታናሽ ወንድሜ ነን። ስሄድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ሳቂታ፣ ኳስ ከእግሩ ሥር የማትጠፋ። አሁን 20 ሆኖታል። መናኸሪያ ሊቀበለኝ ሲመጣ አላወቅኩትም። እሱ ነው «እትዬ» ብሎ የጠራኝ።

ቀን እስከ አምስት ሰዓት ይተኛል። ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ከሰፈር ልጆች ጋር ይጠፋል፤ የሚመጣው ሌሊት ነው። ትምህርቱን 11ኛ ክፍል ላይ ትቶታል። እናቴ ይህን ሁሉ ደብቃኝ ኖሯል። ስደውል «ደህና ነው፣ እያጠና ነው» ትለኝ ነበር። እኔም «ለትምህርቱ» እያልኩ በየወሩ እልክ ነበር። ስለ ጫቱ ስናገረው «አባባ ይቅሙ አልነበር? ምን ሆኑ?» ይለኛል። አያታችንን ማለቱ ነው። ወዳጃ፣ ጫት ተይዞ ዱዓ የሚደረግበት ማለቴ ነው፣ ከቤታቸው የማይታጣ ሰው ስለነበሩ መልስ አጣለሁ።

አንድ ቀን ጃኬቱን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ ባዶ የክኒን ማሸጊያ አገኘሁ። አንድ ሁለት አይደለም፤ ብዙ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ጓደኛዬን ሳሳያት «ትራማዶል ነው፣ የሕመም ማስታገሻ» አለችኝ። እሱን ስጠይቀው «ለወገቤ ነው» ብሎኝ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ሌሊት ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ምላሱን ነከሰ። ጎረቤት ተሰብስቦ ክብሪት እየጫረ አሸተተው። ሲነቃ ምንም አያስታውስም። እናቴ «ጂን ነው» ብላ በማግስቱ ሸሆቹ ጋ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍቶ አይተኛም። አንድ ሌሊት «ያኔ ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ።

አጎቴ «ወረባቦ ወስጄ አንድ ወር ቤት ልዝጋበት፣ ይተወዋል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «በየመን አድርጌ ሳውዲ ልሂድ፤ ለደላላው ክፈይልኝ፣ እዚያ ስደርስ ሁሉንም እተዋለሁ» እያለ ይለምነኛል። ባለፈው ሳምንት የወርቅ ጉትቻዬ ጠፋ። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ጉትቻ ነው። ማን እንደወሰደው አውቃለሁ። ምንም አላልኩም። ጉትቻዬን ግን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጥፋቱ የእኔ ይመስለኛል። ያን ብር ባልልክ ኖሮ ይህ ባልመጣ። አሁን ብር መስጠት ላቁም? ክኒኑን ሳገኝ ሽንት ቤት ልድፋው? ለአጎቴ እሺ ልበለው? መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ነገርስ እንዴት ሱስ ይሆናል?

ሐ. ነኝ፣ ከደሴ

*

አብሽሪ እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሆዴ ባባ። በሁለተኛው ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አየሁ፤ አንቺ እንደ ዋዛ ጽፈሽ ያለፍሽው ነው። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ መውደቁ እናውራ፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም።

ትራማዶል ሲበዛ ልክ አንቺ የጻፍሽውን ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ይህ በሕክምናው ዘንድ ሲታወቅ የቆየ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የሚጥል በሽታ የሌለበትንም ሰው ይጥላል። ሐኪም ለአዋቂ ሰው ሲያዝ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ400 ሚሊግራም አያልፍም። በ50 ሚሊግራሙ ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ወንድምሽ በቀን ስንት እንደሚውጥ አንቺም እኔም አናውቅም። በዚያ ላይ ጫቱ አለ። በጫቱ የተነሳ ሳይተኛ የሚያድርበት ሌሊት አለ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን እንዲህ ላለው መንቀጥቀጥ በር ይከፍታል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ብሆንም በደብዳቤ ሰው አይመረመርም። ሰውን የሚጥል ነገር ብዙ ነው፤ የጭንቅላት ጉዳት አለ፣ ወባ አለ፣ ራሱ የሚጥል በሽታም አለ። ግን አንቺ ከጻፍሽልኝ ሁሉ ቀድሜ የምጠረጥረው ክኒኑን ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ካርድ ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈር አጽፉ፤ ወጪው ይቀልላችኋል።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ስለ ክኒኑ ሳትናገሩ እንዳትወጡ። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያፍራል። «ዝም ብሎ ወደቀ» ይላል። ሐኪሙም ያልሰማውን አያውቅም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጽፎለት ልጁ ሁለቱንም እየዋጠ ይኖራል። ማሸጊያዎቹን በፌስታል ቋጥረሽ ይዘሽ ሂጂ። ካፈርሽ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

እስከዚያ ደግሞ ቢወድቅ ክብሪቱን ተዉት። ክብሪት ማሽተት ማንንም አንቅቶ አያውቅም፤ መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ሲያልቅ ነው ሰውየው የሚነቃው፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ እንደገና ከጀመረው፣ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከመውደቁም በላይ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። ትራማዶል ሲበዛ፣ በተለይ ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ሲደባለቅ፣ ትንፋሽን ያዘገያል። ቢጠሩት የማይሰማ፣ በረጅሙ እያቋረጠ የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ከሆነ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ከዘገየ የጎረቤት ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ። ይህን ለእናትሽም አሳያት፤ ቤት የምትውለው እሷ ናት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ነገር እንዴት ሱስ ይሆናል?

ትራማዶል የሞርፊንና የፔቲዲን፣ የእነዚያ ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች ዘመድ ነው። ጉልበቱ ከሞርፊን ያነሰ ነው እንጂ ቤተሰቡ አንድ ነው። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ገበያ ላይ ዋለ። የታሰበው ለቀዶ ሕክምና፣ ለስብራት፣ ለከባድ ሕመም ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ለብዙ ሰው እፎይታ ሰጥቷል። ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበትም ለዚህ ነው። ግን ሰውነት ይለምደዋል። ዛሬ ሁለት ፍሬ የሰጠውን ስሜት ከወር በኋላ ሁለት ፍሬ አይሰጠውም። አራት ይሆናል፣ ስድስት ይሆናል። ከዚያ ደግሞ የሚውጠው ደስ እንዲለው መሆኑ ይቀራል። እንዳያመው ነው የሚውጠው።

«ለወገቤ ነው» ያለሽ ለዚህ ነው ሙሉ በሙሉ ውሸት ያልመሰለኝ። ክኒኑ ሲቀርበት የሚመጣው ሐራራ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። ወገብ ይቆረጥማል፣ እግር ይንዘፈዘፋል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይታወካል፣ እንቅልፍ ድራሹ ይጠፋል። ካቋረጠ በኋላ አንድ ቀን ሳይሞላ ይጀምራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከፋል። አንድ ፍሬ ሲውጥ ሁሉም ጸጥ ይላል። ስለዚህ ወገቡን እውነት ያመዋል። ሕመሙን ያመጣው ያው ክኒኑ ራሱ መሆኑን ግን አንድም አያውቅም፣ አንድም ማወቅ አይፈልግም። አንቺ በእሱ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እኔ አንዷን እውጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።

ጫቱና ክኒኑ ደግሞ ተጋግዘው ነው የያዙት። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። ቅጠሉ ተቆርጦ ሲቆይ ጉልበቱ ይደክማል፤ ቃሚው ሁሉ ትኩሱን ፍለጋ የሚሯሯጠው ለዚህ ነው። ከሰዓት ምርቃና፣ ሌሊት ፍጥጥ። ድሮ ያን ለመስበር ጨብሲ ነበር፣ መጠጥ። አሁን የመጠጡን ቦታ ክኒን የያዘበት ልጅ ብዙ ነው። አይሸትም፣ አያንገዳግድም፣ እናት አታውቅበትም። ጠዋት ሰውነቱ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ እሱን ለማንሳት ደግሞ ጫት። ወንድምሽ እስከ አምስት ሰዓት የሚተኛው ሰንፎ አይደለም።

የአያትሽን ነገር እናንሳ፤ ይህ ክርክር እኛ አገር የሌለበት ቤት የለምና። እኔ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። አያቴ ቤት ወዳጃ ሲቀመጥ ቡና የማቀርበው፣ ዕጣን የማጨሰው እኔ ነበርኩ። ጫቱ ከዱዓው ጋር፣ ከምርቃቱ ጋር፣ ከሽማግሌው ጋር ይመጣል፤ ያው አብሮ ይሄዳል። በማግስቱ ሰውየው እርሻው ላይ ነው። ያ ትውልድ ምንም አልሆነም ብዬ አልዋሽሽም፤ ጨጓራው የተላጠ፣ እንቅልፍ የራቀው ስንት ሰው አውቃለሁ። ግን ወንድምሽን በዚህ አትከራከሪው። አያቱን የምትነኪበት ይመስለዋል፣ ይዘጋል። ይልቅ አንድ ነገር ጠይቂው። «አባባ ቅመው ሲያበቁ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። አንተንስ ይወስድሃል?» በይው። መልሱን እሱ ይፈልገው። አንቺ አትመልሺለት።

እኔም አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ወንድምሽ የት ነበር?

በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። አልፈርድብሽም፤ አንቺ ሪያድ ነበርሽ። እሱ ግን የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ያን ሰሞን ስንቱ ቤተሰብ ፍራሽና ድስት ተሸክሞ በእግሩ ወጣ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ የሄደ አለ። ስንቱ ደግሞ በሩን ዘግቶ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ አደረ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሆስፒታሉ ተዘረፈ። ከእናቱ ጋር ብቻውን የነበረ ወንድ ልጅ በእነዚያ ሳምንታት ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ እናቱን ለማረጋጋት ምን እንደዋጠ ማን ጠይቆት ያውቃል? ሁሉም ነገር ከዚያ መጣ እያልኩሽ አይደለም። ያንኑ ሰሞን አይተው ሱስ ያልነካቸው ልጆች ሞልተዋል። ግን እንቅልፍ አጥቶ የኖረ ልጅ እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር ሲያገኝ እንዴት እንደሚይዘው መገመት አይከብድም። እናትሽን ለብቻዋ ጠይቂያት። መቼ ነው እንቅልፍ የራቀው? ከጫቱ በፊት ነው በኋላ? ይህ ለሐኪሙም ይጠቅመዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ላልሽው፣ እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ብርሽ ክኒን ገዝቶ ይሆናል። ጤፍም ገዝቷል። የእናትሽንም ቤት ስድስት ዓመት ያቆመ እሱ ነው።

አሁን ያንን ተስፋ የሰጠኝን ነገር ልንገርሽ። «ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍቶ አይተኛም» ብለሻል።

ልጁ ፈርቷል። ሌሊት ያ ነገር ተመልሶ ይመጣብኛል ብሎ ፈርቷል። እስካሁን ቤቱ በሙሉ የሚያወራው እናንተ ስለምትፈሩት ነገር ነው። ስለ ጫቱ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ሰው ወሬ። እሱ እነዚህን አይፈራቸውም። እሱ የሚፈራው መውደቁን ነው። ወሬውን ከዚያ ብትጀምሪው አብራችሁ በአንድ በኩል ትቆማላችሁ። «ተወው» ስትይው ተከሳሽ ነው። «ያ ሌሊት እኔንም አስፈርቶኛል፤ ሐኪም አይቶህ ምን እንደሆነ እንወቅ» ስትይው ደግሞ ታማሚ ነው። ታማሚ መሆን ለ20 ዓመት ልጅ ከሱሰኛነት ይቀለዋል።

ሰዓቱን ምረጪ። ምርቃና ላይ በጭራሽ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሁሉንም እሺ ይላል፤ ትምህርት ይጀምራል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ጂ ፕላስ ፎር ይሠራልሻል። ጠዋት አንዱም የለም። ሐራራ ላይም አይሆንም፤ ያኔ ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል። ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ገና ሳይወጣ ያለችው አንድ ሰዓት የአንቺ ናት። እናትሽ ባትኖር ይሻላል፤ እሷ ካለች ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይጣላሉ። ክኒኑን አይቻለሁ፣ አልተቆጣሁም በይው። ስንት እንደሚውጥ፣ ሌላ የሚደርበው ክኒን ካለ፣ በተለይ ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ፣ ጠይቂው። ቁጥሩን ሲነግርሽ አትደንግጪ። ብትደነግጪም ፊትሽ ላይ አይታይ፤ ሰው ቤት የሠራ ሰው ፊቱን መያዝ ያውቅበታል፣ አይደል?

«ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» ያለውንም እንዲሁ እንዳታልፊው። ረጋ ብለሽ «ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብሃል?» ብለሽ ቁርጥ አድርገሽ ጠይቂው። ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይህን አትስጊ። ያስብ ከነበረ የሚያዋየው ሰው በማግኘቱ ይቀለዋል። አዎ ካለሽ ግን እንዲያውም ሳምንቱን አትጠብቂ። ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ፣ ብቻውን አትተዪው፣ ቤት ያለውን ክኒንና መድኃኒት ሁሉ ከእጁ አርቂ።

ክኒኑን ሽንት ቤት ልድፋ ያልሽው፣ ይህን ያህል አስጊ ነገር ከሌለ አትድፊው። ንዴትሽ ይገባኛል። ግን በደፋሽ ማግስት ሌላ ይገዛል፣ ከአንቺም ይደበቃል። ብዙ የለመደ ሰው በአንዴ ሲያቋርጥ ደግሞ ሰውነቱ ይናጋል። ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው መጠኑን በየጥቂት ቀኑ እየቀነሰ ማውረድ ነው፤ ለተቅማጡ፣ ለእንቅልፉ፣ ለቁርጥማቱ ደግሞ የሚረዳ ይሰጠዋል። ዲያዜፓም አብሮ ይወስድ ከነበረ ነገሩ ይከብዳል፤ እሱን በድንገት ማቋረጥ ራሱ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ደሴ ላይ የሚቻለው ካልበቃ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍል አለው። 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሪያድ ይቀርባል።

የአጎትሽ ሐሳብ ነው እንግዲህ እንቅልፍ የነሳኝ። አጎትሽ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ልጁን ከጓደኞቹ ማራቅ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ወረባቦ አየሩ ጥሩ፣ ዘመድ አለ፣ ሥራ አለ። ጥፋቱ «ቤት ዘግቼበት» የምትለዋ ናት። ሐኪም ሳያየው፣ ከዚህ በፊት የወደቀ ልጅ፣ በር ተዘግቶበት ሦስተኛው ቀን ላይ ቢንቀጠቀጥ ማን ያየዋል? እሱም ይለፍ እንበል። ወሩ አልፎ ይመለሳል። ሰውነቱ ያን ጊዜ ክኒኑን ረስቷል። ጓደኞቹን ያገኛል፣ ድሮ የሚውጠውን ያህል ይውጣል፤ ድሮ የቻለውን መጠን አሁን ትንፋሹ አይችለውም። በዚህ ዓይነት ሱስ ብዙ ሰው የሚሞተው ከዕረፍት በኋላ ነው። ይህን ለአጎትሽ እንዲሁ ንገሪያቸው። ካልሰሙሽ በሐኪሙ አስነግሪያቸው። ክረምቱን ወረባቦ ያሳልፍ ከተባለም ከሕክምናው በኋላ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ አጎቱ ጥበቃ ሳይሆኑ አጎት ሆነው።

የየመኑን መንገድ በተመለከተ፣ ለደላላው ሳንቲም አትክፈይ። አንቺ ወላሂ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ላይ የሚያድሩትን፣ ባሕሩ ላይ የቀሩትን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ትራማዶል ሳውዲ ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ በአደንዛዥ ዕፅ የሚያዝ ሰው ምን እንደሚገጥመው እዚያ ኖረሽ ሳትሰሚ አልቀረሽም። ሐራራው ደግሞ መንገድ ላይ ነው የሚነሳበት፤ በረሃ ላይ፣ ውኃ በሌለበት። «እዚያ ስደርስ እተዋለሁ» ሲልሽ ውሸቱን አይደለም። ከዚህ መሸሽ ነው የፈለገው። «አልከፍልም» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው። «ስትድን የምትፈልገውን ሥራ ቁጭ ብለን እናወራለን፤ ለባሕር ግን ከእኔ እጅ አይወጣም» በይው። ያንን ንግግር ደግሞ አትርሺው፤ እሱ አይረሳውም።

ብሩን ላቁም ላልሽው፣ ጥሬውን አቁሚ፣ ሌላውን አታቁሚ። ምግቡን፣ የሐኪም ቤቱን፣ የመድኃኒቱን፣ የባጃጁን አንቺ ራስሽ ክፈይ። የሰፈር ዕዳ ይዘው የሚመጡ ይኖራሉ። እናትሽ ተደብቃ እንዳትከፍል ከእሷ ጋር ቁርጥ ተነጋገሩ፤ ስድስት ዓመት የደበቀች እናት መክፈልም አያቅታትም። ክፋት ብላ አይደለም የደበቀችሽ። ሰው አገር ሆነሽ እንዳትጨነቂ ነው። ያን እንደምታውቂ ንገሪያት። ቀሪ ወርቅሽንና ጥሬ ገንዘብሽን ግን ባንክ አስገቢ። ይህ እሱን አለማመን አይደለም። ሐራራ ላይ ያለ ልጅ ፊት ወርቅ ማስቀመጥ ነው ጭካኔው።

እናትሽን ከሸሆቹ አትለያያት። ዱዓው ይቀጥል። እኔ እንዲያውም አንቺ ሄደሽ ሼሁን ብታናግሪያቸው ደስ ይለኛል፤ የክኒኑን ነገር ሳትደብቂ። እኛ ዘንድ ስንቱ የተጣላ በሽማግሌ ታርቋል፣ ስንቱ «አልሄድም» ያለ በእነሱ ቃል ሄዷል። ሼሁ «ሐኪም ቤትም ሂድ፣ እኔ ዱዓ አደርግልሃለሁ» ካሉት ነገሩ አለቀ። መታሰር፣ መገረፍ፣ ምግብ መከልከል የሚባል ነገር ከተነሳ ግን እጁን ይዘሽ ውጪ። የሚንቀጠቀጥ ሰው ዱላ አይችልም።

በአንድ ወር ይድናል ብዬ አልነግርሽም። ትቶ ሊመለስበት ይችላል፤ ብዙ ሰው ከአንዴም ሁለቴ ይመለስበታል። ሲመለስበት ያ ሁሉ ልፋት ውኃ በላው ማለት እንዳልሆነ እወቂ። ሐኪሙ ጋ ያለው ቀጠሮ እንዳይቋረጥ እሱን ብቻ ያዢ። የጫቱን ነገር በዚህ ወር አትንኪው። ሁለት ጦር በአንዴ አይዘመትም፤ መጀመሪያ የሚጥለው ነገር።

አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? ስለ ራስሽ የጻፍሽው ጉትቻውን ብቻ ነው። ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አሳድገሽ፣ የሰው ቤት ጠርገሽ፣ አገርሽ ስትገቢ ሌላ አስታማሚነት ጠበቀሽ። ሐኪም ቤት ስትሄዱ አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጓደኛሽ ብትሆን ጥሩ ነው። ሁሉንም በአንቺ ትከሻ አትጫኚው።

ስለ ጉትቻው አሁን አታንሺበት። በመጀመሪያ ደመወዝሽ የገዛሽው መሆኑን እሱም ያውቃል፤ ሲሻለው መጀመሪያ የሚያሳፍረው እሱ ነው። ግን ሆድሽ ውስጥም አትቅበሪው። ምን ዓይነት ነበር? ሉል ነበረው? ለእኔ ጻፊልኝ።